ወደቡ ሲቃረብ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተጻፈውን የቅዱስ ጳውሎስን የባሕር ጉዞ ስንሰማ ልባችን የሚቀረው ከአውሎ ነፋሱ ላይ ነው። በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍሳት ግን ትልቁ ፈተና የገጠማቸው ምድር ሲቀርብ ነበር።

ማዕበሉ በያዛቸው በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ የብስ እንደተቃረበ ጠረጠሩ። ጥልቀቱን ሲለኩ እያነሰ ሄደ። በጨለማ ከድንጋይ ጋር እንዳይላተሙ ፈርተው ከመርከቡ በስተኋላ አራት መልሕቅ ጣሉ፤ እስኪነጋም ጓጉ። ይሁን እንጂ እነዚያው ባሕር የለመዱ ሰዎች ትዕግሥታቸው አለቀ፤ ሌላ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው የመርከቡን ታንኳ በማውረድ ብቻቸውን ሊያመልጡ ሞከሩ። ጳውሎስ ለመቶ አለቃው ነገረው፤ ወታደሮቹም ገመዷን ቆረጧት። ሊነጋ ሲል ጳውሎስ ሁሉም እህል እንዲቀምሱ ለመናቸው፤ እርሱም አመስግኖ እንጀራ ቆርሶ በላ። ሲነጋ መርከቡ ተሰበረ፤ ሰው ግን አንድም ሳይጠፋ ሁሉም መላጥያ ደረሱ።

የባሕር ሕግ ዛሬም ያው ነው። በ1916 እ.ኤ.አ. የደቡብ ዋልታ አሳሹ ኧርነስት ሻክልተንና አምስት ባልደረቦቹ እርዳታ ፍለጋ 7 ሜትር ገደማ በምትሆን ባለሸራ ጀልባ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የደቡብን ውቅያኖስ አቋርጠው የደቡብ ጆርጂያን ደሴት አዩ። የሚጠጡት ውኃ ሊያልቅ ነበር። ሆኖም ማዕበሉ ከገደሉ ጋር እንዳያጋጫቸው ከናፈቁት ምድር ለመራቅ ታገሉ፤ የወረዱት ካዩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ቸኩለው ቢጠፉ ኖሮ በኤሌፋንት ደሴት የተዉአቸው 22 ጓዶቻቸው የት እንዳሉ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ሃያ ሁለቱም ከወራት በኋላ በሕይወት ተወሰዱ።

እኛስ? ዐቢይ ጾምን በትጋት ጾመን በሰሙነ ሕማማት ከጎረቤት እንጣላለን። ዕዳችን ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሌላ ብድር ውስጥ እንገባለን። ወላጃችንን ለዓመታት አስታመን በመጨረሻዎቹ ቀናት የምሬት ቃል እናወጣለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእኛ ነው። የጀመሩትን መታገሥ ብርታት ነው፤ ሊያልቅ ሲል መታገሥ ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ተስፋው በዓይን እየታየ እጅ አይደርስበትምና።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ወደባችሁ ሲታያችሁ አትሩጡ። እስኪነጋ ጸንታችሁ ቁሙ፣ ጸልዩ፣ የደከመውን አብሉ፤ አብረዋችሁ የተሳፈሩትንም ትታችሁ ታንኳ አታውርዱ። እግዚአብሔር ያስጀመረንን ያስፈጽመን። አሜን።