ሆድ ይፍጀው አትበይ

ልጄ፣ ፅንስ የጨነገፈባቸውን ሴቶች በስልክ ከሚያዳምጡ በጎ ፈቃደኞች ጋር ልትሠሪ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። ደስም አለኝ፣ ሆዴም ባባ። ያንቺ ቁስል ገና እንዳልደረቀ አውቃለሁና። ለንደን ሠላሳ ዓመት ስኖር ያየሁትንና የሰማሁትን ላጫውትሽ፤ የሚበጅሽን ያዢ፣ የቀረውን ተዪው።

እኛ ዘንድ ይህ ሐዘን ቃል እንኳ በቅጡ አልወጣለትም። ሳትፈልግ ያስወረዳትም፣ ፈልጋ ያስወረደችም «ውርጃ» በሚባል አንድ ስም ይጠራሉ። ካርዷ ላይ ያንን ተጽፎ ያየች ሴት፣ ምንም ሳታጠፋ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። «ጨነገፈ» እንዳንል ደግሞ ድርድርም ይጨነግፋል፣ ዕቅድም ይጨነግፋል። ለወለደች ገንፎ ይገነፋል፣ እልል ይባላል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እየተባለ ደጇ ሰው አይጠፋበትም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል። በሁለቱ መካከል የቀረችው እናት ግን ጡቷ ወተት እያንጠባጠበ፣ ገንፎም የላት፣ ድንኳንም የላት። ያላት «ምትኩን ይስጥሽ» ነው፤ «አንቺ እንኳን ተረፍሽ» ነው፤ «ገና ደም ነበር እኮ» ነው። ከዚያ በኋላ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ይህ አባባል ለምሥጢር ይሁን፤ ልጅ ለተነጠቀ ሆድ ግን ሌላ የሚፈጅ ነገር ጨምሩበት ማለት ነው።

የኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስልሽ። እንግሊዞቹም እስከ ቅርብ ጊዜ እንዲሁ ነበሩ (ዓመቶቹን የምነግርሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሞቶ የተወለደ ሕፃን ብዙ ጊዜ እናቱ ሳታየው ተጠቅልሎ ይወሰድ ነበር። ብዙዎቹ ከሌሎች ጋር ምልክት በሌለው መቃብር ገቡ። ካላየችው ቶሎ ትረሳዋለች ብለው፣ ለእሷ ያዘኑ መስሏቸው ነው። እናትየዋም «ሌላ ትወልጃለሽ» ተብላ ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ትሸኛለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ እነዚያ እናቶች ግን አልደበቁም፣ ተደበቀባቸው እንጂ።

ቤል ሙኒ የምትባል ጋዜጠኛ ነበረች። በ1975 ወንድ ልጇ ሞቶ ተወለደ። በ1976 መጀመሪያ ላይ፣ የደረሰባትን በ«ጋርዲያን» ጋዜጣ ጻፈችው። ደብዳቤ ጎረፈ። እንደ እሷው ልጃቸውን ሳይስሙ የቀሩ ሴቶች ዝም ብለው ኖረው፣ አንዷ አፏን ስትከፍት ሁሉም አፍ አወጡ። ሄዘላን ልዊስ የምትባል የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያም እንዲሁ ልጇን ያጣች ነበረች። በ1978 ሁለቱና ሌሎች ወላጆች ሆነው ዛሬ «ሳንድስ» የሚባለውን ማኅበር አቆሙ። ከዚያ በፊት በ1977፣ ባሕር ማዶ አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ሲስተር ጄን ማሪ ላም የምትባል መነኩሲት በሆስፒታል ለእንዲህ ዓይነት ወላጆች «ሼር» የሚባለውን ቡድን ጀምራለች። በ1982 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ገና በማለዳው ለጠፉት ፅንሶች ወላጆች ሌላ ማኅበር ተቋቋመ። ልብ በይ፣ ከጀመሩት አብዛኞቹ ራሳቸው የደረሰባቸው ናቸው።

ስልኩ ከየት መጣ ያልሽ እንደሆነ፣ እሱ ከዚህም ይቀድማል። ቻድ ቫራህ የሚባል የእንግሊዝ ቄስ በ1935 አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ቀበረ። የወር አበባዋ ሲመጣ ክፉ በሽታ የያዛት መስሏት ራሷን አጥፍታ ነበር። የሚነግራት ሰው ስላልነበረ ብቻ! ይህ ነገር ከልቡ ሳይወጣ ኖሮ፣ በኅዳር 1953 ለንደን ውስጥ ሴንት ስቲቨን ዎልብሩክ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ስልክ አስቀምጦ፣ የጨነቀው ሰው ይደውልልኝ አለ። «ሳማሪታንስ» የሚባለው የስልክ አገልግሎት እንዲህ ተጀመረ። በአካል የሚመጡም ነበሩ፤ ተራ ሲጠብቁ በጎ ፈቃደኞች ሻይ እያቀረቡ ያጫውቷቸዋል። ቀስ በቀስ ቄሱ አንድ ነገር ታዘበ፦ ብዙዎቹ ሻይ ለሚያቀርቡት ሰዎች ሆዳቸውን ዘርግፈው፣ እሱን ማየት ሳያስፈልጋቸው ቀልሏቸው ይሄዳሉ። በየካቲት 1954 ሥራውን ለእነዚያ ሻይ አቅራቢዎች አስረከበ። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የምንለውን እሱ ሠርቶ አሳየው።

ታዲያ ልጄ፣ አንቺም ሻይ አቅራቢ ነሽ። ሐኪም አይደለሽም፤ ደም የበዛባት፣ ትኩሳት የያዛት ስትደውል ሳትውይ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ላኪያት። ከዚያ ውጭ ሥራሽ መስማት ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዝም ስትል ዝም በይ፣ ስታለቅስ ታልቅስ፣ ስልኩን ግን አትዝጊ። «ቢያንስ» ብለሽ ዓረፍተ ነገር አትጀምሪ። ምትክ የሚለውን ቃል ከአፍሽ አታውጪው፤ ልጅ በልጅ አይተካም። የስድስት ሳምንቱን ከሰባት ወሩ ጋር አትመዝኚ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ሐዘኑም እንዲሁ ነው። አባት ከደወለ ደግሞ «እሷስ እንዴት ናት» ከማለትሽ በፊት «አንተስ» በይው።

ብቻሽን አትሸከሚው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ተራሽ ሲያበቃ ለባልደረቦችሽ ተንፍሺ። ያቃተሽ ቀን አቃተኝ ብለሽ ቅሪ።

አሁን እናትሽም የማታውቀውን ልንገርሽ። አዲስ አበባ ሳለሁ፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ሰባት ወር የሆነው ወንድ ልጅ ሞቶ ተወለደብኝ። አላሳዩኝም። እኔም አልጠየቅኩም፣ መጠየቅ እንደሚቻል አላወቅኩም። ሃያ ዓመት ያህል ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። በኋላ ለንደን፣ አንድ ሌሊት፣ እንዲህ ወዳለ ስልክ ደወልኩ። በአማርኛ ለማንም ያልተናገርኩትን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለማላውቃት ሴት ተናገርኩ። ብዙ አላለችም። «ስም አውጥታችሁለት ነበር?» አለችኝ። አዎ፣ በልቤ አውጥቼለት ነበር። ነገርኳት። ስሙን ድምፅ አውጥቼ የጠራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንቺ ስልኩን በአማርኛ ታነሺዋለሽ፤ ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ ያለች፣ የምታለቅስበት ጓዳ እንኳ የሌላት ልጅ በቋንቋዋ «አቤት እህቴ» ስትባል ምን እንደሚሰማት አስቢው።

በ1992 የእንግሊዝ ሕግ ሞቶ ተወለደ ብሎ በመዝገብ የሚያሰፍርበትን የእርግዝና ጊዜ ከ28 ወደ 24 ሳምንት ዝቅ አደረገ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ከ24 ሳምንት ቀድሞ ልጅ ያጡ ወላጆች እንግሊዝ ውስጥ ከጠየቁ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ወረቀት ልጅ አይመልስም፤ «ነበረ» ይላል እንጂ። ለኔ ያች የሌሊቷ ሴት ያለችኝ ይኸንኑ ነው።

ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ። ሌላ ሰው አልጠራም። አንቺ ያወጣሽለትን ስም ይዘሽልኝ ነይ፣ እኔም የኔን እነግርሻለሁ።