ጥበቃ የሚሉት ነገር

«የማኅበረሰብ አቀፍ ጥበቃ ኮሚቴ ጸሓፊ ሆነው መመረጥዎን እናሳውቃለን» የሚል ወረቀት በደረሰኝ ጊዜ፥ «በእርጅናዬ ዘበኛ ልሆን ነው» ብዬ ከባለቤቴ ጋራ ሳቅን፤ በእኛ አገር ጥበቃ ማለት ካፖርቱን ደርቦ፥ ዱላውን ተመርኩዞ፥ በትምህርት ቤት በር ሲያንቀላፋ የሚያነጋ ሰው ነው እንጂ፥ ቃሉ ከዚህ የጠለቀ ምሥጢር ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና። ወረቀቱ የመጣው፥ ከወለጋ ተነሥተው፥ ዓባይን ተሻግረው፥ በነቀምቴው መንገድ ወደ ቡሬ የወጡት ሰዎች በየመጠለያው በሰፈሩበት ዘመን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ይዤ እቆምበት በነበረው ዓይነት ክፍል ውስጥ፥ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ሦስት ጉልቻ ተተክሎ፥ የማባዣ ሠንጠረዥ በተጻፈበት ግድግዳ ላይ ጋቢና ነጠላ ተሰቅሎ ባየሁ ጊዜ፥ ምን እንደምጠብቅና ከማን እንደምጠብቅ ሳላውቅ እሺ አልሁ።

ቃሉ ግን አላስተኛኝም። ግዕዙ «ዐቀበ» ይለዋል፤ ከዚሁ ግሥ ወጥቶ ዐቃቤ ሰዓት ሰዓትን፥ ዐቃቤ ሕግ ሕግን፥ ዐቃቤ ጽላት ጽላትን ይጠብቃል። ሰውን ለሚጠብቅ ሰው የተሰጠ ማዕርግ ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ፤ ሞግዚት እንዳልል ሞግዚት ለሕፃን ነው፥ እነዚህ ደግሞ ቤት ሠርተው፥ ጎተራ ሞልተው፥ ልጅ ድረው የኖሩ ሰዎች ናቸው። በመጽሐፍ ስለ ወንድሙ መጀመሪያ የተጠየቀው ቃየል ነበር፤ እርሱም ጥያቄውን በጥያቄ መልሶ ለማምለጥ ሞከረ። እኔም ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት በልቤ ጥያቄን በጥያቄ መመለስ ጀመርሁ፤ ይህም ሐተታ ከዚያ የተወለደ ነው።

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ስለ ስማቸው ነበር። በመዝገቡ «ተፈናቃይ» ተብለው ተጽፈዋል፤ የአገሬው ሰው ግን ስደተኞች ይላቸዋል። ይህን ለማጥራት ሕግ ከሚያውቅ የቀድሞ ተማሪዬ ዘንድ ሄጄ ብጠይቀው፥ እ.ኤ.አ. በ1951 በጄኔቭ የተፈረመው ውል፥ ያንንም ያሰፋው እ.ኤ.አ. በ1969 በዚሁ በእኛው በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ውል፥ የአገራችንም 1110/2011 የተባለው አዋጅ፥ ሁሉም ስደተኛ የሚሉት የአገሩን ወሰን የተሻገረውን ብቻ እንደ ሆነ አስረዳኝ። ወሰን ሳይሻገር ከቤቱ ለተነቀለው ሰው፥ ሱዳናዊው ፍራንሲስ ዴንግ በተባበሩት መንግሥታት ስም ይሠሩ በነበረ ጊዜ የተዘጋጀው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1998 እስኪወጣ ድረስ ይህ ነው የሚባል የዓለም ጽሑፍ አልነበረውም፤ ከዚያ በኋላ በዚያው አቆጣጠር በ2009 በካምፓላ ውል ተፈረመ፥ አገራችንም በአዋጅ 1187/2012 አጸደቀችው። እንግዲህ ዓባይ በዚህ በእኛ በኩል የመንግሥታት ወሰን አይደለምና፥ ዓባይን በሌሊት የተሻገረች እናት ምን ብታለቅስ ስደተኛ አትባልም፤ ያው ዓባይ ወርዶ ወርዶ ሱዳን ከገባ በኋላ በዳርቻው ይኖር የነበረ ሰው ሸሽቶ በመተማ ቢገባ ግን ስደተኛ ይባላል። ልዩነቱ ለመንግሥታት አለ፤ የሚያስፈልግበትንም ምክንያት አልክድም፥ ተፈናቃይ የአገሩ ልጅ ስለ ሆነ ከባዕድ የበለጠ መብት አለው ይባላልና። ነገር ግን ከመስከረም 26 ጀምሮ በሰንበት ሌሊት ሁሉ የእመቤታችንን ስደት እያሰበ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆም ሕዝብ፥ ስደት ሲባል የሚታየው ሕፃን ያዘለች እናትና የመንገድ ጥማት ነው እንጂ የወሰን ድንጋይ አይደለም። (እመቤታችንስ ግብፅ ድረስ ወርዳለችና በሕጉም ቢሆን ስሙ አይነፈጋትም።)

ደግሞ አገሩ ራሱ ለስደት ባዕድ አይደለም። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችውን ከተማ ፍኖተ ሰላም ብለው የሰየሟት፥ ከእንግሊዝ አገር ስደት በጥር 1933 በኦሜድላ ገብተው፥ በበላያ አድርገው በቡሬ ያለፉት ንጉሠ ነገሥት ናቸው ይባላል። በዚያችው በፍኖተ ሰላም በ2005 ዓ.ም. ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፥ ከካማሺ ዞን ያሶ ወረዳ የተባረሩ ገበሬዎች ሜዳ ላይ ሰፍረው ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ ከመተከል የሸሹት፥ ከቻግኒ አጠገብ፥ ራንች በሚባለው ቦታ ተከማቹ፤ ስሙ እንደሚናገረው ከብት ይረባበት የነበረ ስፍራ ነው፥ ሰውም ስሙን ሳይለውጥ ገባበት። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ጥበቃ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነበረበት ይባል ይሆናል። እኔ ግን ያየሁት እንጀራና ብርድ ልብስ ሲታደል ነው፤ መመጽወትን እንጂ መጠበቅን አላየሁም ነበር።

ኮሚቴው ሰባት ሰው ነበረ፤ ከሰፋሪዎቹ የተመረጡ አራት ሽማግሌዎችና አንዲት ሴት፥ አንድ የቀበሌ ሰው፥ ሰባተኛው እኔ። ሴቲቱ ሁልጊዜ ቡናውን ስታቀርብ ስለምናያት፥ የቆጠርናት እንደ አባል ይሁን እንደ ቡናው እርግጠኛ አይደለሁም። ሐሙስ ሐሙስ እንሰበሰብና የቀበሌው ሰው «የጥበቃ ችግር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሽማግሌዎቹ ተያይተው «ከዱቄቱ መዘግየት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን፥ ችግር የለም» ይላሉ፤ እኔም መዝገቤን ከፍቼ «ችግር የለም» ብዬ እጽፋለሁ። ሦስት ሐሙስ ይህንኑ ጻፍሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ያማረ ነው፤ ያማረ ጽሕፈት ደግሞ ሐሰትን ምን ያህል እንደሚያስከብር ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

አንድ ቀን መነጽሬን እዚያው ረስቼ ኖሮ፥ ሳይነጋ ልወስደው ብሄድ፥ ከግቢው ጀርባ ሴቶች ሰልፍ ይዘው አየሁ። የቦኖ ሰልፍ መስሎኝ ነበር፥ ጀሪካን ግን የያዘ የለም። ተራ የሚጠብቁት ለመጸዳጃው ነበር፤ በሩ መቀርቀሪያ ስላልነበረው፥ የምትገባይቱ መቀነቷን በቀዳዳው አሾልካ ለውጭዋ ታቀብላለች፥ የውጭዋም ጫፉን በእጇ ጠምጥማ ይዛ፥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትቆማለች፤ ሰው ሲመጣ ታስላለች። ለእንጨት ሲወጡም ከአምስት አያንሱም ነበር፤ ጉልበት የሚያማት አንዷ ከመንገዱ ዳር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፥ እንዝርቱን ካቆመች ሁሉም ይሰበሰባሉ። ማን ሾማችሁ፥ ማንስ አሠለጠናችሁ ብዬ ብጠይቅ መልሱ ሳቅ ነበር። እኔ «ችግር የለም» ብዬ በጻፍሁባቸው ሦስት ሳምንታት እነርሱ አንዲትም ሌሊት ያለ ተረኛ አላደሩም።

በዚያ ቀን ጥርጣሬዬ ሁሉ የተፈታ መሰለኝ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይህ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ሰው ሥራው መቀርቀሪያውን ማስገጠምና ከመንገድ መራቅ ነው አልሁ። በጋምቤላ በኩሌ፥ በዶሎ አዶ በመልካዲዳና በኮቤ ባሉት ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች የተመረጡ ኮሚቴዎች፥ የሴቶች ማኅበራት፥ ለሕፃናት የሚቆሙ ጎረቤቶች መኖራቸውን ሰምቼ ስለ ነበር፥ ጥበባቸው ሁሉ ከዚህ ከመቀነቱ የተቀዳ ነው ብዬ በመዝገቤ ጠርዝ ጻፍሁ።

ደስታዬ ግን አልቆየም፥ ሁለት ነገር አፈረሰው። አንደኛው ሩቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ፥ በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ የተጠለሉት ሱዳናውያን፥ እንደማንኛውም ሰፈር ተረኛ አቁመው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዝርፊያውና ጠለፋው ቢጸናባቸው በ2016 በሚያዝያ ከካምፕ ወጥተው በጫካና በመንገድ ዳር ሰፈሩ። መቀነት በር ይይዛል እንጂ ጥይት አይመልስም። ስለዚህ «ሕዝቡ ራሱን ይጠብቅ» የሚለው ቃል ከሴቶቹ አፍ ሲወጣ ጥበብ የነበረው፥ መሣሪያና ሕግ በእጁ ካለው ባለሥልጣን አፍ ሲወጣ የቃየልን መልስ እንደሚመስል አየሁ፤ አንዱ ቃል በሁለት አፍ እንዲህ የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ስለ ቃሉ ያሰብሁት ሁሉ እንደ ገና መመርመር ነበረበት።

ሁለተኛው በእኔው እጅ የደረሰ ነው፤ ስለዚህም አጭር ላደርገው ብወድ ኅሊናዬ አይለቀኝም። አባቷ በሸሸበት ሌሊት ሁሉን ያጣ አንዲት ልጅ ነበረች፥ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ለእርሷ ሽማግሌ ተላከ። ጠያቂው ጎልማሳ፥ መሬትና ሁለት በሬ ያለው የአካባቢው ሰው ነበር። አባትየው አመነታ፤ ከዚያ በኋላ ከእኛው ኮሚቴ ሽማግሌዎች አንዱ፥ በቅንነት የሚናገሩ ሰው ናቸውና፥ «እዚህ ሜዳ ላይ ካለች ማንም ይደርስባታል፤ ባል ካገኘች ትጠበቃለች» አሉ። ትጠበቃለች! ከወረቀቱ ላይ የፈለግሁት ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰማሁ። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 እንደሚል አውቃለሁ፥ ለተማሪዎቼም ነግሬአለሁ። ቢሆንም በምዕራብ ጎጃም ያደገ ሰው ያለ ዕድሜዋ የተዳረች እኅት ወይም እናት ያላየ ማን አለ? እኛ አስተናጋጆቹ ከዚህ ነፃ የሆንን መስለን በእንግዶቹ ልንፈርድ አንችልም። አዋጁ በአእምሮዬ እያለ፥ የሽማግሎቹ ፊት ከበደኝና፥ ጸሓፊ ነህና ጻፍ ባሉኝ ጊዜ የውሉን ወረቀት ጻፍሁ። ያማረ ጽሕፈት ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ልጅቱ በመጠለያው አልነበረችም። ሴቶቹ ከየመቀነታቸው ቋጠሮ ሳንቲም አዋጥተው፥ በሌሊት ተቀባብለው፥ ከአክስቷ ዘንድ አድርሰዋት ነበር፤ ለፖሊስ አልነገሩም፥ ለኮሚቴው አልነገሩም፥ ለአባትየውም አልነገሩም። ሽማግሌዎቹ ማኅበረሰቡ ተደፈረ ብለው ተቆጡ። እኔ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ማኅበረሰብ» የሚለውን ቃል ስጽፍ እጄ ይዘገያል። ውሉን የፈረሙት አራቱ ማኅበረሰብ ከሆኑ፥ ልጅቱን ያሸሿት ሴቶች ምንድን ናቸው? እነርሱም ማኅበረሰብ ከሆኑ፥ ኮሚቴው የጠበቀው ማንን ነው? ለቤት ሳማ ለውጭ ቄጤማ እንዲሉ፥ ከውጭ ሲያዩት አንድ ገጽ የሚመስለው ሰፈር በውስጡ የሚናገርና ዝም የሚል፥ የሚፈርምና የሚፈረምበት አለው፤ ጥበቃ ወደ ተናጋሪው ሄዶ ከተቀመጠ ዝም የሚለውን በተናጋሪው እጅ ያስረዋል። ይህን ካልሁ በኋላ ግን ወዲያው ሌላ ጥርጣሬ ይነሣብኛል፦ ሴቶቹ የተሳሳቱ ቢሆኑስ? አክስትየዋ ባትቀበላትስ፥ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢደርስባትስ ማን ይጠየቅ ነበር? ሕግ ያለው ለዚህ ነው፤ በጎ አድራጊውንም ቢሆን ጠያቂ እንዲኖርበት ነው። ሕጉን የሚያውቀው ሰው ግን ያን ጊዜ ብዕር ይዞ ከሽማግሎቹ ጋራ ተቀምጦ ነበር።

ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለውን መጽሐፍ፥ ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበትን፥ በዚያ ሰሞን እንደ ገና አነበብሁት። ባለታሪኩ ሸሽቶ በዋሻ የተቀመጠ ሰው ነው፥ የሚመረምረውም ብቻውን ነው፤ በወጣትነቴ ይህ ብቸኝነት ያስቀናኝ ነበር። አሁን ሳነበው ግን፥ ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው እርሱን የሚጠብቅም እርሱ የሚጠብቀውም የለም፥ ስለዚህ ልቡ ለመመርመር ነፃ ነው፤ በአንድ ክፍል አራት ቤተሰብ በጨርቅ ተጋርዶ በሚያድርበት ስፍራ የሚደረግ ምርመራ ግን የሌላውን ገመና ሳይነካ አያልፍም ብዬ አሰብሁ።

ቡና ታቀርብልን የነበረችውን ሴት፥ ስብሰባው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ቦኖው ዳር ቢሄድ ምን ይመስልሻል ብዬ ጠየቅኋት። ሰኞ ማለዳ ሄድሁ፤ ወንበር አልነበረም፥ ጀሪካን ገልብጠው አስቀመጡኝ። ስለ መቀርቀሪያው፥ ስለ መብራቱ፥ የራሽን ካርዱ በባል ስም ስለ ተጻፈባት ሁለተኛ ሚስት፥ ማንም ዘመድ ስለሌለው ልጅ፥ እየተቀባበሉ ሲናገሩ እጄ አልደርስ አለ። ወሬው ወደ ሸሸችው ልጅ ሲደርስ፥ ጥጥ የሚፈትሉት አሮጊት እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ልጄ፥ ይችን እንኳ አትጻፋት» አሉኝ።

ሌላው ሁሉ ተጽፎ መቀርቀሪያውም በወሩ ተገጠመ። ዛሬ ይህን ሳወራ ስሟን፥ የአክስቷን አገርና ወሩን ትቻለሁ፤ ይህም በቂ ይሁን አይሁን አላውቅም። በመዝገቡ የዚያን ሰኞ ገጽ የከፈተ ሰው፥ ከመብራቱና ከካርዱ በታች፥ ቀኑን ያዘለ አንድ መስመርና ከእርሱ ቀጥሎ ነጭ ወረቀት ያገኛል።