ከጓዳ የታየ ፊት

እንግዳ ገብቶ ይቀመጣል። ባለቤቲቱ ትሪውን አቅርባ «ምንም የለም እንጂ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ትላለች። እንግዳው እጁን እየታጠበ «ኧረ ምን ጎደለ! ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል። ይህን መልስ ሳይሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ሁለት ቃል ናት፣ ግስ እንኳ የላትም። ከሚበላው ይልቅ የሚያበላው ሰው ገጽ ይበልጣል፤ በፈገግታ የቀረበች ሽሮ በኩርፊያ ከመጣ ዶሮ ትሻላለች ማለት ነው። ለጆሮም ትጥማለች፤ «ፊት» የሚለው ድምፅ «ፍትፍት» ውስጥ ሁለት ጊዜ የተደበቀ ይመስላል።

ፍትፍቱን ራሱን ግን ቆም ብለን እንየው። መፈትፈት እንጀራን በጣት እየቆረሱ ከወጥ፣ ከቅቤ፣ ከእርጎ፣ በጾም ደግሞ ከተልባ ወይም ከሱፍ ጋር ማዋሃድ ነው። ፍርፍር ዳግመኛ እሳት ያየዋል፤ ፍትፍት የሚያገኘው እጅን ብቻ ነው። በሰው ጉዳይ ዘው የሚለውን «በማያገባው ይፈተፍታል» የምንለውም እጁን ሁሉ ነገር ውስጥ ስለሚከት ነው። ስለዚህ ምሳሌው ከምግብ ሁሉ ለይቶ ፍትፍትን የጠራው ቤት ለመምታት ብቻ አይመስለኝም። ፍትፍት ውስጥ የሰው ድካም አለ። ምሳሌው ያን ድካም በአንድ በኩል፣ ፊትን በሌላ በኩል አድርጎ ይመዝንና ለፊት ይፈርዳል። እኔ ከዚህ ፍርድ ጋር ለብዙ ዓመት ስሟገት ኖሬያለሁ።

ያሳደገችኝ አክስቴ፣ እትዬ የምላት፣ ፊቷ አይፈታም ነበር። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነበር፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል። ክረምት ላይ ከትምህርት ቤት በበረዶ ተደብድቤ፣ ጣቶቼ እርሳስ መያዝ እንኳ አቅቷቸው ስገባ እትዬ «በረደህ?» አትለኝም። አቅፋኝም አታውቅም። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የሽሮ ፍትፍት ታስቀምጥልኛለች፣ ኩበቱን ወደ እሳቱ ገፋ ታደርጋለች፣ ቅንድቧን እንደቋጠረች ወደ ድስቷ ትመለሳለች። እንጀራው ሽሮውን ጠጥቶ ለስልሷል፣ ጥርስ አይፈልግም። የፍስክ ቀን ከሆነ መሃሉ ላይ ንጥር ቅቤ ይቀልጣል። ከሁሉ የሚሞቀው መሃሉ ነበር፤ እኔም ከዳር ጀምሬ መሃሉን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። ሳህኑን ስጨርስ ጣቶቼ ተመልሰውልኛል።

በኋላ ለትምህርት አዲስ አበባ መጥቼ ዘመድ ቤት አረፍኩ። እዚያ ቁርጡም ቀይ ወጡም ነበር። ነገር ግን ሁለተኛ እንጀራ ሳነሳ እጄን የሚከተል ዓይን ነበር። አንድ ቀን ጎርሼ መዋጥ አቃተኝ፤ በውሃ ነው ያወረድኩት። ከዚያ ወዲህ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲባል ማን ለምን እንደፈጠረው ገብቶኛል። ሥጋ የተዘረጋበት ገበታ ላይ ተቀምጦ መራብ እንዳለ በሆዴ አውቄዋለሁና ምሳሌውን ዋሽቷል አልለውም።

ጥፋቴ ሌላ ነው። በዚያው ሚዛን እትዬንም መዘንኳት። እሷም ፊት ነስታኝ ነው ያሳደገችኝ ብዬ ቂም ያዝኩ፤ ለዕረፍት ወደ ቤት መሄዱንም እያራዘምኩ ቀረሁ።

በመጨረሻ ስሄድ አሟት አገኘኋት። ሽሮውን እኔ ልሥራ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ኩበቱ ርጥበት ነበረው። ያን ጭስ ያልቀመሰ ሰው በቃል አይረዳውም፤ ዓይንን ጨፍኖ፣ አፍን ገጥሞ፣ ግንባርን አኮማትሮ ካልሆነ አይቻልም። ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ ውሃው ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነስኩ እንዳይጓጉል ስማስል አንዲት ጎረቤት ጠያቂ ብቅ አሉና አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ማን አስቆጣህ?» አሉኝ።

ማንም አላስቆጣኝም ነበር። ማማሰያውን እንደያዝኩ ወደ መኝታው ዞር አልኩ። እትዬ በዚያ ጭስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆማለች።

የሽሮ ፍትፍት ቀላል ምግብ ነው ይባላል፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ላጤ ይሠራዋል፣ ልጅ ይሠራዋል። ግን ቀላል የሆነው ሌላ ሰው አስቀድሞ ስለደከመበት ነው። አተሩ ይለቀማል፣ ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። በርበሬው ይቀነጠሳል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ በየልኩ ይገባል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ዶሮና ዝናብ ይጠበቅለታል፤ ከዚያ ወፍጮ ቤት ወረፋ አለ። እንጀራውም ቢሆን ሊጡ ቀናት ሲቦካ ከርሟል። እኔ ሦስት ማንኪያ ሽሮ ውሃ ላይ ስነሰንስ የምነሰንሰው የእትዬን ሳምንት ነው። የሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ቤት የሚያቆመው ያ ዱቄት በየዓመቱ እንዲሁ ይዘጋጅ ነበር፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስለማገኘው ከመደርደሪያው የበቀለ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ስለ ምሳሌው የማስበው ይህን ነው። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የእንግዳ ቃል ነው። ሳሎን ተቀምጦ፣ ትሪው ወደ እሱ እየመጣ የተናገረ ሰው ቃል ነው። ከጓዳ የወጣችውን ሴት ፊት ያያል፤ ጓዳውን አያይም። ሳያስበው ሁለት ሥራም ያዝዛታል፦ ጭሱን ችለሽ አብስዪ፣ ስትወጪ ደግሞ ጭስ እንዳላየ ሰው ፈገግ በዪ። ይህን ከባድ ጥያቄ ለስንት እናቶችና እህቶች እንደ ምርቃት ስናቀርበው እንደኖርን ሳስብ ያመኛል። እንግዳ ለአንድ ሰዓት ስለሚመጣ ፊት ያስፈልገዋል፤ እንኳን ደህና መጣህ መባሉን የሚያውቅበት ሌላ ምልክት የለውም። የቤት ልጅ ግን በየቀኑ የሚሞቅ ሳህን አለው። ምልክቱ እሱ ነበር፤ ማንበብ ያቃተኝ እኔ ነኝ።

ራብ ባለበት ምሳሌው ከነጭራሹ እንደማይቆም መናገር እንኳ አያስፈልግም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም፤ ፊትና ፍትፍት የሚያማርጥም ሁለቱንም ሊያገኝ የሚችል ሰው ነው።

ያን ምልክት ዘግይቼ ያነበብኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። የእትዬ ልጅ ቤሩት ለቤት ሠራተኝነት ስትሄድ እናቷ አላለቀሰችም። ሻንጣው ውስጥ ሦስት ኪሎ ሽሮ በላስቲክ ደራርባ ቋጥራ ከተተች፣ ቋጠሮውን ሁለቴ ፈትሻ ዞር አለች። ልጅቷ ያን ቀን ቅር ብሏት ነበር። ከወራት በኋላ ደውላ የነገረችኝን አልረሳውም። አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ትንሽ ሽሮ ታንተከትካለች። እንጀራ ስለሌለ ኹብዝ የሚሉትን ስስ የዓረብ ዳቦ ቆራርሳ ትፈተፍተዋለች። ዳቦው ሽሮውን እንደ እንጀራ አይጠጣም፣ ይንሳፈፋል። ቢሆንም የበሶብላው ሽታ ገና ከድስቱ ሲነሳ የእናቷ ፊት፣ ያው የተቋጠረው፣ ፊት ለፊቷ ይመጣል። «እንዳያልቅብኝ ነው የምፈራው» አለችኝ። ሦስቱን ኪሎ ከዓመት በላይ አቆየችው።

እትዬ አሁን አርጅታለች፤ ጥርሷም አልቋል። በሄድኩ ቁጥር ሽሮውን የምሠራው እኔ ነኝ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ያለ ጭስ። እንጀራውን በጣቴ አድቅቄ፣ ለስልሶ እስኪዋሃድ ፈትፍቼ፣ ቅቤውን መሃሉ ላይ አድርጌ አቀርብላታለሁ። ባለፈው ፋሲካ አንዴ ጎረሰችና ቅንድቧን ቋጠረች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ጨው ላመጣ ስነሳ ልብሴን ያዝ አድርጋ አስቀመጠችኝ። ከሳህኑ መሃል፣ ቅቤው ካለበት፣ በሚንቀጠቀጡ ጣቶቿ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ሳልውጠው ሁለተኛውን መጠቅለል ጀምራ ነበር።