የማዕድ ዋጋ



ከጥቂት ጊዜ በፊት ከምእመናን ጋር ስለ ልከኝነት ስንወያይ፣ በጉባኤው የነበሩ አንድ ባልና ሚስት በመጀመሪያ ፈገግ ያሰኘንን፣ ቆይቶ ግን ያሳሰበንን ጥያቄ አቀረቡልን። የጋብቻቸው 40ኛ ዓመት ሲከበር፣ ኢጣልያ የሚኖረው ልጃቸው መላውን ቤተሰብ፣ ስድስት ነፍስ ሆነው፣ ከቺቪታቬኪያ ወደብ ተነሥቶ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሰባት ቀን በሚቆይ የመዝናኛ መርከብ ሊወስዳቸው አስቧል። የመርከቡ ሒሳብ መኝታንም ምግብንም ያጠቃልላል። ልጁ ግን በዚህ ብቻ ሳይወሰን፣ በዚያው መርከብ ላይ ለብቻው በሚከፈልበት የተመረጠ ምግብ ቤት በየምሽቱ ራት እንዲበሉ ይፈልጋል። አባት «በተከፈለበት ማዕድ ላይ ሌላ ማዕድ መግዛት ምን ይባላል? ጎመን በጤና!» አሉ። እናት ደግሞ «የልጅን ደስታ መግፋትስ ኃጢአት አይደለምን?» ሲሉ መለሱ። ሁለቱም ወደ እኛ ተመለከቱ፤ እኛም ወዲያው የምንመልሰው አጣን።

ነገሩ የጥቂቶች ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከምእመናኖቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን መርከብ በሥዕል እንጂ በዐይናቸው አላዩም። ይሁን እንጂ «ይህ ለዋጋው ይገባልን?» የሚለው ጥያቄ በሠርግ ድግስ፣ በክርስትና፣ በተዝካርም ላይ የሚነሣ የሁላችንም ጥያቄ ነው። ስለዚህ በመርከቡ ምሳሌነት ጥቂት እናስብበት።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

ፍርድ ከመስጠት በፊት ነገሩን በትክክል ማወቅ ይገባል። በዛሬዎቹ ታላላቅ የመዝናኛ መርከቦች ላይ መንገደኛው በከፈለው ሒሳብ በዋናው የመመገቢያ አዳራሽና በቡፌው እስኪጠግብ ይመገባል። ከእነዚህ ሌላ ስቴክ፣ የባሕር ምግብ፣ የፈረንሳይ ወይም የጃፓን ምግብ የሚያቀርቡ ትናንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። በእነዚህ ለመመገብ አስቀድሞ ቦታ ማስያዝና ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ያስፈልጋል። ዋጋው እንደየመርከቡ ይለያያል፤ ለአንድ ሰው 50 ዩሮ ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ለስድስት ሰው ለአንድ ምሽት 300 ዩሮ መሆኑ ነው። ይህም በዛሬው ምንዛሪ ከ30,000 ብር በላይ ነው።

ልማዱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 «አሜሪካ» የተባለችው የጀርመን መርከብ በታዋቂው ባለ ሆቴል በሴዛር ሪትዝ ስም የተሰየመ፣ እንደ ፍላጎት እየታዘዘ የሚበላበትና ለብቻው የሚከፈልበት ምግብ ቤት ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰጠመችው ታይታኒክም እንዲሁ ያለ ምግብ ቤት ነበራት። በዚያ ዘመን መንገደኞች በማዕርግ ተከፍለው አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በየአዳራሻቸው ይመገቡ ነበር። ኋላ የመዝናኛ መርከቦች ሲስፋፉ በብዙዎቹ ላይ የማዕርጉ ልዩነት ቀረና ሐኪሙም ጡረተኛውም በአንድ አዳራሽ፣ በተመደበላቸው ጠረጴዛ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር እየተዋወቁ ይመገቡ ጀመር። በኋላ ግን በተጨማሪ ክፍያ የሚገባባቸው ምግብ ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ፣ በማዕርግ የቀረው መለያየት በገንዘብ በኩል በከፊል ተመለሰ።

ታዲያ በተከፈለው ገንዘብ የሚገኘው ትርፍ ምንድን ነው? በዋናው አዳራሽ ያለው ምግብ በአንድ ጊዜ ለብዙ መቶ ሰዎች የሚቀርብ ነው። በትንሹ ምግብ ቤት ጠረጴዛው ጥቂት፣ አስተናጋጁ የማይቸኩል፣ ምግቡም በታዘዘ ጊዜ የሚዘጋጅ ነው። እንግዲህ በአመዛኙ የሚገዛው ሥጋው ወይም ዓሣው ሳይሆን ጸጥታና ጊዜ ነው። ይህን ማወቅ ለፍርዳችን ይጠቅማል፤ ጸጥታና ጊዜ ክፉ ነገሮች አይደሉምና።

የቅዱሳን አባቶች ሚዛን

አንዳንዶች ውድ ምግብ ሁሉ ኃጢአት፣ ርካሽ ምግብ ሁሉ ጽድቅ ይመስላቸዋል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ግን ከዚህ ይልቅ በጥልቀት ተመልክተውታል። ታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ፣ እ.ኤ.አ. ከ590 እስከ 604 የሮም ጳጳስ የነበረው፣ በመጽሐፈ ኢዮብ ላይ በጻፈው ትርጓሜ ሆዳምነት በአምስት መንገድ እንደሚፈትነን አስተምሯል። እነርሱም ጊዜው ሳይደርስ መብላት፣ ውድ ምግብ መሻት፣ በአዘገጃጀቱ መራቀቅ፣ ከልክ በላይ መብላት፣ በመጨረሻም በስስት መብላት ናቸው። ለመጨረሻው የሰጠው ምሳሌ ዔሳው ነው። ዔሳው ብኩርናውን የሸጠው በጮማ ወይም በወይን ጠጅ ሳይሆን በምስር ወጥ ነበር (ዘፍ. 25፥29-34)። እኛ በጾም ቀን የምንበላው ምግብ ለእርሱ መሰናክል ሆነበት። በአንጻሩ ለነቢዩ ኤልያስ ቁራዎች ሥጋ ያመጡለት ነበር (1ኛ ነገ. 17፥6)፤ በቅድስናውም ላይ ያጎደለበት ነገር የለም። እንግዲህ ሰውን የሚያረክሰው ምግቡ ሳይሆን ምኞቱ ነው። ከዚህም የተነሣ «ጎመን በጤና» ያሉት አባት በጎመኑ እንዳይመኩ፣ እናትም ድግሱ በልጅ ፍቅር ስለ ተሰናዳ ብቻ ከፈተና ነጻ ነው ብለው እንዳያስቡ ያስፈልጋል።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ስለ ዕረፍትና ስለ ጨዋታ ሲያስተምር፣ ስለ ወንጌላዊው ዮሐንስ የሚነገረውን ታሪክ ይጠቅሳል። ሐዋርያው ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት አይተው የተሰናከሉ ሰዎች ነበሩ። እርሱም ከእነርሱ አንዱን ቀስቱን ደጋግሞ እንዲስብ አዘዘውና ያለ ማቋረጥ ቢሳብ ምን እንደሚሆን ጠየቀው፤ ሰውየውም እንደሚሰበር መለሰለት። ሐዋርያውም የሰው ልብ እንዲሁ መሆኑን አስረዳው። አርባ ዓመት ጎጆ ያቀኑ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ ሌላውን እያበሉ ራሳቸው ቆመው የቀመሱ ባልና ሚስት አንድ ምሽት ተቀምጠው ቢስተናገዱ፣ የቀስቱ ገመድ ላላ እንጂ ልከኝነት ፈረሰ አንልም። ጌታችንም የቃናን ሠርግ አላቃለለም፤ ለሠርገኞቹ የሰጣቸውም ከፊተኛው የተሻለ ወይን ነበር (ዮሐ. 2፥1-11)።

ይህ ሁሉ ግን የነገሩ አንዱ ገጽ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ የምድር በረከት ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ መሆኑንና ባለ ንብረት የእግዚአብሔር መጋቢ መሆኑን ያስተምረናል (ቁ. 2402-2404)። መጋቢ የተባለ ሰው ደግሞ ሒሳብ ይጠየቃል።

ሚዛኑ የሚያርፍባቸው ጥያቄዎች

ስለዚህ «ለዋጋው ይገባልን?» የሚለውን ጥያቄ በአራት ከፍለን እንድንመለከተው እንመክራለን።

አንደኛ፣ ገንዘቡ የማን ነው? ልጁ ዕዳ ካለበት፣ ወይም ለታመመ ወገን ሊልክ ቃል የገባውን ገንዘብ ለራቱ የሚያውለው ከሆነ፣ ማዕዱ ምንም ቢጣፍጥ የሌላ ሰው እንጀራ ነው። በዚህ ጊዜ ነገሩ የልከኝነት ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ይሆናል፤ መልሱም ግልጽ ነው።

ሁለተኛ፣ ባንከፍለው ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል? ከምእመናን ብዙዎች «ይህ ለድሃ ቢሰጥ» ማለት ይቀናናል። በቢታንያም ሽቱው 300 ዲናር ተሽጦ ለድሆች ቢሰጥ ያለ ሰው ነበር፤ ወንጌላዊው ግን ስለ ድሆች ገዶት እንዳልነበረ ይነግረናል (ዮሐ. 12፥4-6)። ድሃውን የሰውን ደስታ ለመንቀፍ ብቻ የምናስታውሰው ከሆነ ድሃው አልተጠቀመም፤ ማዕዱም ተበላሸ። ነገር ግን አባት የመጀመሪያው ራት ሲቀር 300 ዩሮው በእርግጥ ወላጅ ለሌለው የዘመድ ልጅ ትምህርት እንደሚውል የሚያውቁ ከሆነ፣ ንግግራቸው ንፍገት አይደለም፤ ልጃቸውም ሊሰማቸው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ማዕዱ ያቀራርባል ወይስ ይለያያል? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላል የአገራችን ሰው። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የገሠጻቸው ምግባቸው ውድ ስለ ነበረ ሳይሆን አንዱ እየጠገበ ሌላው እየተራበ በአንድ ስፍራ ስለ ተሰበሰቡ ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥20-22)። ስድስቱም በአንድነት የሚቀመጡ ከሆነና በጸጥታው ውስጥ አያት የልጅ ልጆቻቸውን ድምፅ በሚገባ የሚሰሙ ከሆነ፣ የተገዛው ጸጥታ ለፍቅር ዋለ። ነገር ግን ወጪው በዝቶ ሕፃናቱ ወደ ቡፌው ተልከው ታላላቆች ብቻቸውን የሚመገቡ ከሆነ፣ ወይም ቤተሰቡ በአዳራሹ ያሉትን መንገደኞች «እነዚያ» ማለት ከጀመረ፣ በ50 ዩሮ የተገዛው ግድግዳ ነው።

አራተኛ፣ የሚያገለግለን ማን ነው? በመርከብ ላይ የሚያስተናግዱት ብዙዎች ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድና ከሌሎች አገሮች የመጡ፣ ከልጆቻቸው ለብዙ ወራት የሚለዩ ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈርሞ በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የሥራ ሰዓታቸውን ሲወስን እንኳ፣ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እስከ 14 ሰዓት መሥራትን የሚፈቅድበት መንገድ አለው። በታይታኒክ የተመረጠ ምግብ ቤት ከሠሩት ወደ 70 ከሚጠጉ ሰዎች የተረፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። የመንገደኞቹ ስም ብዙ ጊዜ ሲነሣ የእነርሱ ግን እምብዛም አይነሣም። ቤተ ክርስቲያን ግን አልረሳቻቸውም። እ.ኤ.አ. በ1920 በግላስጎው የተመሠረተውና ዛሬ «ስቴላ ማሪስ»፣ ማለት የባሕር ኮከብ፣ ተብሎ የሚጠራው ሐዋርያዊ አገልግሎት በየወደቡ ይጎበኛቸዋል። የአስተናጋጁን ስም ያልጠየቀ፣ በጉርሻው የሰሰተ፣ በጥቃቅን ስሕተት የተቆጣ ሰው ሎብስተር ቢበላም ደረቅ እንጀራ ቢበላም ማዕዱን አላከበረም።

በጥያቄው ላይ ያለን አስተያየት

እነዚህን ካመዛዘንን በኋላ ለባልና ሚስቱ የሚከተለውን አልን። በየምሽቱ የሚለውን አትቀበሉ። ሰባት ምሽት ሙሉ የሚደገም ድግስ ድግስነቱን ያጣል። በሦስተኛው ቀን ልማድ ይሆናል፤ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ጨው አነሰው መባል ይጀምራል። በዋናው አዳራሽ የቀረበውም ምግብ የሰው ድካም ያለበትና የተከፈለበት የእግዚአብሔር በረከት ስለ ሆነ ንቆ መተው አይገባም። አንዱን ምሽት ግን፣ ጋብቻችሁን የፈጸማችሁበትን ዕለት፣ ከልጃችሁ እጅ በደስታ ተቀበሉ። ስድስታችሁም አብራችሁ ተቀመጡ፤ ዕለቱ የጾም ቀን ከሆነ ወደ ማግሥቱ አስተላልፉት። የቀሩትን ምሽቶች ገንዘብ ምን እንደምታደርጉበት ከልጃችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። ለተቸገረ ወገን የምትሰጡት ቢኖር ከፍቅር ይሁን፤ የራታችሁን ደስታ የምትቤዡበት ቀረጥ አታድርጉት።

አባት ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «እኔ የፈራሁት ዋጋውን ብቻ አልነበረም። ልጄ ውለታዬን በገንዘብ ከፍሎ የጨረሰ እንዳይመስለው ነው» አሉ። እናትም ይህን ሲሰሙ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። በዚያን ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ገና አሁን መነሣቱን ተረዳን። የወላጅ ውለታ በማናቸውም ማዕድ ተከፍሎ አያልቅም፤ ልጁም ሊከፍል ሳይሆን ሊያመሰግን ፈልጎ ይሆናል። ይህን ደግሞ አባት ከእኛ ይልቅ ከልጃቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል፤ ለዚህም አንድ ጸጥ ያለ ምሽት ቢገዛ ለዋጋው ይገባል እንላለን።

በመጨረሻ፣ እነዚህ ባልና ሚስት የሚያቋርጡት ባሕር ሐዋርያው ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም የተሻገረበት መሆኑን እናስታውስ። በዚያች መርከብ 276 ነፍስ ነበረ። አሥራ አራት ቀን በማዕበል ከተንገላቱ በኋላ ጳውሎስ እንጀራ አንሥቶ በሁሉ ፊት እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ቆርሶም በላ። መቶ አለቃውም እስረኛውም መርከበኛውም ተጽናንተው በሉ (ሐዋ. 27፥33-38)። ለዚያ ማዕድ ማንም ቦታ አላስያዘም፤ በውጭ የቀረም አልነበረም። እኛም በባሕርም ሆነ በየብስ፣ በውድም ሆነ በርካሽ ማዕድ ስንቀመጥ፣ አስቀድመን የምናመሰግን፣ አጠገባችን ያለውንና የሚያገለግለንን የምናይ፣ በሩቅ ያለውንም የማንረሳ እንድንሆን፣ የባሕር ኮከብ የሆነች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በአማላጅነቷ ትርዳን። አሜን።