ዝምታ ውሸት ይሆናልን?

ሰው የሚዋሸው በአንደበቱ ብቻ ነውን? ወይስ ሊናገር የሚገባውን ሳይናገር ሲቀርም ይዋሻል? ጥያቄው የቆየ ቢሆንም ዛሬ በአዲስ መልክ ወደ እኛ መጥቷል። ያመጣውም ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል፤ አዲሱን ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለትም ያገለገለውን ይፈልጋል። ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ የሚታመን ነጋዴ ማን እንደሆነ አብረን እንመርምር።

በመጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። የነዳጅ መኪና ሲያረጅ ይናገራል። ሞተሩ ያጓራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ዘይቱ ያንጠባጥባል፤ ልምድ ያለው መካኒክም ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን ይገምታል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ዝምተኛ ነው። ከዕቃው ሁሉ ውዱ ባትሪው ሲሆን፣ በዕድሜ፣ በሙቀትና ፈጣን ቻርጅ በመደጋገም የመያዝ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ሆኖም ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ወንበሩ አዲስ ይመስላል፣ ቻርጁም «መቶ በመቶ» ብሎ ያሳያል። ይህ መቶ በመቶ ግን ባትሪው ዛሬ ከሚችለው ነው እንጂ አዲስ ሳለ ይችል ከነበረው አይደለም። ጠጠር የገባበት እንስራ እስከ አፉ ሞልቶ ይታያል፤ ውኃው ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ዕውቀቱ በሻጩ ወገን ብቻ ሲሆን ምን ይከተላል? አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ይህንኑ አስረድቷል። ገዢ ደህናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። የደህናው መኪና ባለቤት በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል። ለዚህና ለተከታዩ ሥራው በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከዚህ የምንረዳው አታላይ የሚጎዳው ገዢውን ብቻ ሳይሆን ታማኙን ነጋዴም እንደሆነ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ገበያ ነው፤ ገዢ ዓይኑን ይክፈት። ሲጠይቀኝ አልዋሸሁም፤ ያልጠየቀኝን ለምን እነግረዋለሁ?» ይላሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ሻጭ ሁሉን እንዲናገር አይገደድም። በሩ ላይ ያለው ጭረት ለሁለቱም ይታያል፤ እርሱ የገዛበትም ዋጋ የራሱ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ጉድለቱን እያወቀ፣ ገዢው ሊያየው እንደማይችል እያወቀ፣ ቢያየው ኖሮ በዚያ ዋጋ እንደማይገዛም እያወቀ ዝም ካለ፣ ይህ ዝምታ አይደለም። የሚያብረቀርቀው ቀለም በእርሱ ፈንታ እንዲዋሽለት ፈቅዷልና። «እኔም አላስመረመርኩትም፤ አላውቅም» የሚለውስ? አለማወቅ በራሱ ጥፋት አይደለም። እንዳያውቅ ብሎ ዓይኑን የጨፈነ ግን ከሚያውቀው አይሻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል።

ታዲያ ታማኙ በምን ይታወቃል? በጣፋጭ ንግግሩ ወይም በመሐላው አይደለም። ለምርመራ በሩን በመክፈቱ ነው። የባትሪው ጤንነት ስንት በመቶ እንደቀረ በመሣሪያ ተነብቦ ሊታወቅ ይችላል፤ ታማኝ ነጋዴ ይህን አስነብቦ ያሳያል፣ ገዢው የራሱን መካኒክ ይዞ ቢመጣም ደስ ይለዋል። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪ የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ቢሰጡም፣ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት አገር ሲወጣ ዋስትናው ብዙ ጊዜ እንደማይከተለው ሳይደብቅ ይናገራል። «ዛሬ ካልከፈልክ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» እያለም አያጣድፍም።

የመንገዱም ፈተና አለ። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ቁልቁል ሲወረድ ደካማውም ባትሪ ብርቱ ይመስላል። እውነቱ የሚገለጠው ሽቅብ ሲመለስ ነው። ታማኝ ነጋዴ የመሄጃውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም ይናገራል።

ይሁን እንጂ ነቀፋውን ሁሉ በነጋዴውና በደላላው ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። አንዱ ሻጭ «ባትሪው ደክሟል» ብሎ እውነቱን ሲነግረን ጥለነው ሄደን፣ ከጎኑ ካለው ዝምተኛ ሻጭ ያልተመረመረውን መኪና በዚያው ዋጋ ከገዛን፣ እውነተኛውን ቀጥተን ዝምተኛውን ሸለምን ማለት ነው። እውነትን የሚወድ ገዢ ለእውነት ዋጋ ይከፍላል። ነገ ደግሞ ያንኑ መኪና ሲሸጥ፣ እርሱ ራሱ በሻጩ ቦታ ይቆማል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የባትሪም እውነት እያደር መጥራቱ አይቀርም፤ ግን የሚጠራው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ፣ ዳገት መሐል ነው። ያን ጊዜ መጥራቱ ለገዢው ምን ይጠቅመዋል? ከመካከላችሁ ነገ ነጋዴ፣ ደላላ ወይም መካኒክ የምትሆኑ ወጣቶች ሆይ፣ እውነቱ በራሱ ጊዜ እስኪጠራ አትጠብቁ። ሳይጠይቋችሁ ተናገሩት።