ፈረሱን ማን ጠየቀው?

ሸጎሌ ሲባል ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የከብት ገበያው ነው። በዊንጌትና በአዲሱ ገበያ መካከል፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ ሰፈር እንደ መሆኑ ግን የበዓል ሰሞን ፈረስም አያጣም። የአድዋ በዓል ሲሆን፣ እሬቻ ሲደርስ፣ ለጥምቀት፣ ያጌጠ ፈረስ በአስፋልቱ ዳር ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያያል። ሞባይል ይወጣል። ልጆች ይከተላሉ። ደስ ይላል፤ ለምን ይዋሻል!

በአንድ እንዲህ ባለ ሰሞን ታዲያ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ፣ አንገቱ በቀይ ክር ተሽሞንሙኖ፣ ከአንድ አይሱዙ ጎን አልራመድ ብሎ ቆሞ አየሁ። ጡሩምባው በተነፋ ቁጥር ቆዳው ይርገፈገፋል።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩት ልጓሙን የያዘውን ወጣት።

«ሦስተኛውን ይዟል ጋሼ። ሰው ፊት የምናወጣው ገና ዘንድሮ ነው።»

«አይፈራም?»

«ይፈራል እንጂ! ግን ይለምዳል። ያልለመደ ማን አለ?»

እዚህች «ይለምዳል» የምትል ቃል ላይ አማርኛችን ትንሽ ንፉግ ነው። ሕፃኑ ትምህርት ቤት «ለመደ» እንላለን፤ እስረኛውም እስር ቤቱን «ለመደ» እንላለን። አንደኛውን ፍርሃቱ ለቆታል። ሁለተኛው ግን መፍራቱ ምንም እንደማይለውጥለት ስለገባው መታገሉን ትቷል። ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱም ዝም ብለዋል። (እኛም የታክሲውን ሰልፍ፣ የመብራቱን መጥፋት «ለመድነው» ስንል የትኛውን ማለታችን እንደሆነ አንዳንዴ ግራ ይገባኛል።)

ፈረስ ላይ ልዩነቱ ይታያል፤ የሚያይ ካለ። ፍርሃቱ የለቀቀው ፈረስ ጆሮውን ወደ ድምፁ ያዞራል፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያሸታል፣ አፉን ያላውሳል። ተስፋ የቆረጠው ጆሮው አይንቀሳቀስም፤ ዓይኑ ተከፍቶ ምንም አያይም፤ ቢጎትቱት ይሄዳል፣ ቢያቆሙት ይቆማል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ «ጨዋ ፈረስ» ተብሎ የሚመሰገነው ይኸኛው ነው።

ነገሩ የዛሬ ሰው ቅብጠት እንዳይመስላችሁ። የአቴንሱ ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፉ፣ ጠባቂው ውርንጭላውን በሰው መካከል እያመላለሰ ዕይታውንም ድምፁንም እንዲያለማምደው፣ ሲደነብርም በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ እንዲያሳየው ይመክራል። ፈረስ በግድ የሠራውን ነገር አይገባውም፤ በጅራፍ እየተመታ የሚጨፍር ሰው እንደማያምር ሁሉ እሱም አያምርም ይላል። ልብ በሉልኝ፣ ዜኖፎን የጦር ሰው ነው፤ ሲበዛ ሆደ ባሻ የሆነ ባሕታዊ አይደለም።

ያንን ምክር ዓለም ሰምቶታል ወይ? በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ በቶኪዮ ኦሎምፒክ የዘመናዊ ፔንታትሎን ውድድር ላይ፣ ሴንት ቦይ የሚባል ፈረስ አልዘልም አለ። በዚያ ውድድር ተወዳዳሪው ፈረሱን የሚያገኘው በዕጣ ነበር፤ ለመተዋወቂያ የሚሰጠውም 20 ደቂቃ ብቻ። ወርቁን ለመውሰድ ትመራ የነበረችው ጀርመናዊት አኒካ ሽሎይ ፈረሱ ላይ ሆና አለቀሰች፤ አሠልጣኟ ፈረሱን በቡጢ በመምታቷ ከውድድሩ ተባረረች። ጣጣው እዚያ አላበቃም። ግልቢያው ከ2016ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በኋላ ከፔንታትሎን እንዲወጣ ተወሰነ። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ነገር ነው እንግዲህ የተነሣው።

የዕድሜውም ጉዳይ አለ። በፈረንጆቹ መለኪያ ቁመቱ 148 ሴንቲ ሜትር የማያልፍ ፈረስ «ፖኒ» ይባላል፤ በዚህ ሒሳብ የሰላሌውን ጨምሮ አብዛኛው የአገራችን ፈረስ ፖኒ ነው ማለት ነው። (ጃግኖቻችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?) እንግሊዞች የአገራቸውን ፖኒዎች ለትርኢት ሲያቀርቡ ግልገሉን መጀመሪያ በእጅ እየሳቡ ብቻ ያሳዩታል፤ ሰው ተቀምጦበት የሚወዳደረው 4 ዓመት ሲሞላው ነው። ለኦሎምፒክ የዝላይ ውድድርማ ቢያንስ 9 ዓመት ሊሆነው ይገባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የፈረስ የጀርባ አጥንት ዕድገቱን የሚጨርሰው ከ5 ዓመቱ በኋላ ነው። የሦስት ዓመቱ ፈረስ ትልቅ ይመስላል እንጂ ጀርባው ገና ልጅ ነው።

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ አይጠፋም። «ሳምንቱን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት ለሚውለው፣ ገጣባው ላይ ዝንብ ለሰፈረበት ፈረስ ማን አዘነለት? የበዓል ፈረስ እኮ ቢያንስ ይበላል፣ ይታጠባል፣ ይታከማል» ይለኛል። ጥሩ ክርክር ነው። በእርግጥም ክብር ያለው ፈረስ የተሻለ ይያዛል። በአዊ ዞን ያለውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርን ተመልከቱ፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያከብረው በዓል ፈረስ በአድዋ የዋለውን ውለታ ጭምር የሚያስታውስ ነው። ያ በዓል ባይኖር የስንቱ ፈረስ ዕጣ ጋሪና ጭነት ብቻ በሆነ ነበር። ስለዚህ በዓሉ ይቅር የሚለው ሰው ፈረሱን አልጠቀመውም።

ግን ውለታ የሚለውን ቃል ካነሣን አይቀር፣ የፈረስ ስም የሚባለውን ባህላችንን እናንሣ። ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መላ። ይህን ስንሰማ የጀግናው ማዕረግ ብቻ ነው የሚታየን። ቃሉ ግን «አባት» ነው የሚለው። ሰውየው በፈረሱ ስም ሲጠራ የፈረሱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን አባትም ሆኖ ነው። ባለቤት ንብረቱን «ታዘዘልኝ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃው ይሆናል። አባት ከሆነ ግን ሌላ ጥያቄ አለበት፤ ልጄ ለዚህ ደርሷል ወይ? ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጁን ሺህ ሰው በሚጮህበት አደባባይ ጎትቶ «ይለምዳል» የሚል አባት ብናይ ምን እንለው ነበር?

ፈረሱ ለበዓሉ ፈቃዱን ሊሰጥ አይችልም፤ በዓል ምን እንደሆነ አያውቅምና። «አሁን አልችልም» ማለት ግን ይችላል፤ በጆሮው፣ በጭራው፣ በእግሩ ይናገራል። ለእኔ የባለቤቱ ሥነ ምግባር የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው። ለወራት ያለማመደውን፣ ክርና ግላስ የገዛለትን ፈረስ፣ በዕለቱ ሰው ሁሉ እያየ «አልችልም» ሲለው ይሰማዋል? ወይስ ልጓሙን ያጠብቃል?

መስማቱ ቀላል አይደለም። ዋጋው ፈረሱ የማያውቀው፣ ባለቤቱ ብቻ የሚከፍለው እፍረት ነው። ከአደባባይ በእግሩ፣ ፈረሱን እየሳበ የሚመለስ ጎልማሳ ምን እንደሚባል እናውቃለን፤ መንደሩ በሳምንቱም አይረሳለትም። አንዳንድ የድሮ ሰዎች ለዚህ መላ ነበራቸው፤ አዲሱን ፈረስ ያለ ኮርቻ፣ ከአንድ ሸምገል ካለ ፈረስ ጎን፣ ከሕዝቡ ዳር ዳር ብቻ ይወስዱታል። ትልቁ ካልደነገጠ ትንሹም ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ካልተረጋጋም ያው ዳር ላይ ስለሆነ፣ ማንም ሳያያቸው ዘወር ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።