ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ልጆቼ፣ ቤት ስትቀይሩ የጨው ውሃ አኳሪየማችሁን ተሸክማችሁ ገብታችሁ፣ ዓሣው በሰላም ሲዋኝ ኮራሉ ግን እየነጣና ሥጋው እየተገፈፈ ሲያልቅባችሁ የሚሰማችሁን ኀዘን አውቀዋለሁ። ከአውራ ጣት የማይበልጥ ቁራጭ ተክላችሁ፣ ዓመታት ጠብቃችሁ ያሳደጋችሁት ፍጥረት ነው። «ለድንጋይ ማን ያለቅሳል?» የሚላችሁ ቢኖር አትስሙት። ኮራል እንስሳ ነው፤ ይበላል፣ ያድጋል፣ ይታመማል። ድንጋዩ የሠራው ቤቱ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። አጽም የሚገነቡት ጠንካራ ኮራሎች በሙሉ ለመጥፋት የተጋለጡ ፍጥረታትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ሰፍረው ንግዳቸው በሕግ የሚጠበቀውም ንግዱ ካልተገታ ሊመናመኑ ስለሚችሉ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲሞት ሌላ ገዝቶ መተካት ለብቻው መልስ አይሆንም። የሞተበትን ምክንያት ማወቅ ይቀድማል።

አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ሥሩን ከመፈለጋችሁ በፊት ግን እጃችሁን ሰብስቡ። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። ኮራሉ የነጣ ዕለት ባለቤቱ በአንድ ሌሊት ግማሹን ውሃ ይቀይራል፣ መብራቱን ይጨምራል፣ ኮራሉን ከታች ወደ ላይ ያዛውራል፣ ከጠርሙስ መድኃኒት ያፈስሳል፣ ማጣሪያውን ያጥባል። ጠዋት ላይ አንዱ ቢሻለው የትኛው እንዳዳነው፣ ሌላው ቢሞት የትኛው እንደገደለው የሚያውቅ የለም። እኔ እንደማምነው ከዝውውሩ ቀን ይልቅ ከዚያ በኋላ ያለው የድንጋጤ ሳምንት ብዙ ነፍስ ያጠፋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ ጤፍስ ቢፈስስ ይለቀማል፤ የሞተ ኮራል ግን አይመለስም።

እንግዲህ ቀስ ብላችሁ የታመመውን ተመልከቱ፤ ሕመሙ ራሱ ይናገራል። ኮራሉ ነጭ ሆኖ ሥጋው ግን እንደ ስስ ሽፋን አጥንቱ ላይ ካለ፣ አፎቹም ማታ ማታ የሚከፈቱ ከሆነ፣ አልሞተም። በሥጋው ውስጥ ተጠልለው ከብርሃን ምግብ የሚያበስሉለትን ጥቃቅን አልጌዎች አጥቷል እንጂ ነፍሱ አለች። ብርሃኑን ዝቅ አድርጋችሁ በትዕግሥት ብትይዙት ሊመለስ ይችላል። ሥጋው ተልጦ ባዶ አጥንት ከቀረ ግን ያ ክፍል አልፏል። በአንድ ቀን ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚገፈፍ ከሆነ ከባድ ድንጋጤ ደርሶበታል። ከሥሩ ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ውሃው ውስጥ ያልረጋ ነገር አለ። ጫፍ ጫፉ ብቻ ሲቃጠል ኮራሉ አጥንቱን ከሚሠራበት ነገር አንዱ የሆነውን አልካላይኒቲ ጠርጥሩ። ለስላሳዎቹ ኮራሎች ጥቂት ቀን ተኮማትረው ቢሰነብቱ ግን እንግድነት ነው፤ ተዉአቸው።

ሞቱ የመጣበት ጊዜም ምስክር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሞቱ ምክንያቱን ከጉዞውና ከአሞኒያ ፈልጉ። ሁለትና ሦስት ሳምንት ደህና ሰንብተው ከዚያ መሞት ከጀመሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው እዚህ ላይ ይታያል፤ ሁሉም ደህና መስሎ ሳለ በየቀኑ ጥቂት እየተዛባ የሄደ ልክ አለ ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚመጣው ሞት ላብራራ። ጠላ የጠመቀች እናት ጋኑን ከቦታው አታነቃንቅም፤ ከነቃነቀችው አተላው ይነሣና የጠራው ሁሉ ይደፈርሳል። የአኳሪየም አሸዋም እንዲሁ ነው። ለዓመታት የዓሣው ኩስና የምግቡ ትራፊ ከሥር ሲጠራቀም ኖሯል። ሳይነካ ሲቆይ አይጎዳም። አሸዋውን በአካፋ ዝቃችሁ በባልዲ አጓጉዛችሁ ስትመልሱት ግን ያ ሁሉ ይነሣል፤ ከጥቁሩ ንጣፍ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዘኛ ጋዝ ሊወጣ ይችላል፣ አሞኒያም ይከተላል። በዚያ ላይ ውሃውን የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት ድንጋዩና አሸዋው ላይ እንጂ ውሃው ውስጥ አይደለም። «አሮጌውን ውሃ በሙሉ ይዤ መጥቻለሁ፣ ምን ጎደለ?» የሚል ሰው ዋናውን ነገር አልያዘም። ላይቭ ሮኩ፣ ማለት ሕይወት ያለበት ድንጋዩ፣ በመኪና ውስጥ ሳይረጥብ ብዙ ሰዓት ከቆየ በላዩ ያሉ ስፖንጆችና ትላትሎች ይሞታሉ፤ እነሱ ሲበሰብሱ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎችም በዚያው ተጎድተዋል። የባሕር ውሃ ፒኤች አብዛኛውን ጊዜ 8 ገደማ ስለሆነ ደግሞ አሞኒያው ከወንዝ ውሃ ይልቅ እዚህ ይከፋል።

ስለዚህ በተዛወራችሁ ሰሞን አሞኒያን በየቀኑ ለኩ። ከዜሮ ከፍ ካለ በዚያው ሙቀትና በዚያው ጨው ልክ የተዘጋጀ አዲስ ውሃ እየቀየራችሁ አውርዱት፣ ምግብ ቀንሱ፣ የሞተ ነገር ካለ አውጡ፣ የአየር ፓምፑን አታጥፉ። ገና ያልተዛወራችሁ ደግሞ አሮጌውን አሸዋ ወይ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እጠቡት፣ ወይ ጣሉትና በአዲስ ተኩት። አሸዋ ርካሽ ነው።

አሁን ወደ ውሃው ምንጭ ልሂድ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ቤት ቀየራችሁ ማለት ቧንቧም ቀየራችሁ ማለት ነው። ብዙዎቻችሁ የምትኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ራሷ ትልቅ ትምህርት አላት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኅዳር 2000 ከተማዋ ውሃዋን የምታክምበትን ክሎሪን ወደ ክሎራሚን ቀየረች። ለጤና ታስቦ የተደረገ ነበር፤ ነገር ግን ለውጡ በአሮጌ ቧንቧዎች ውስጥ የነበረውን እርሳስ አስለቀቀ፤ ሕዝቡ ነገሩን በሰፊው የሰማው በ2004 ነው። አንድ ነገር ብቻ ተቀይሮ መዘዙ ስንት ዓመት ተደብቆ እንደቆየ ተመልከቱ። ዛሬም የከተማዋ ውሃ ክሎራሚን አለበት፤ በየፀደዩም ቧንቧውን ለማጠብ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይመለሳል። ክሎራሚን በቀላሉ የሚተን አይደለም። በካርቦን ሲሰበር ደግሞ አሞኒያ ይተዋል፤ ያንን የሚይዘው የቧንቧ ውሃ የሚያነጻው የአርኦ ዲአይ ማጣሪያችሁ የመጨረሻ ክፍል፣ ዲአይው ነው። የአርኦ ዲአይ ማጣሪያችሁ ካርቦን ያረጀ ከሆነ፣ ወይም በውሃው የሟሟውን የሚለካው የቲዲኤስ መለኪያ ከዜሮ ከፍ ካለ፣ ኮራላችሁን በገዛ እጃችሁ እየመረዛችሁት ሊሆን ይችላል። የመዳብ ቧንቧም አለ። መዳብ ዓሣውን በማይነካ መጠን እንኳ ኮራልንና ሽሪምፕን ይገድላል። በአዲሱ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ማጣሪያውን አድሱ፤ የወጣውንም ውሃ ለኩ።

ጨውን በተመለከተ አጭር ልበል። የምትፈልጉት 35 ነው፤ በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው ማለት ነው። የጨው መለኪያው በመንገድ ሲናጥ ሊዛባ ስለሚችል ሪፍራክቶሜትሩን በ35 መለኪያ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ በንጹሕ ውሃ ብቻ ማስተካከል አይበቃም። ሙቀቱም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይርጋ።

ብርሃኑ ደግሞ የሚከዳው በዝምታ ነው። መብራቱ በአዲሱ ቤት አራት ጣት ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ፣ ወይም ኮራሉ ድንጋዩ ሲደረደር ከፍ ካለ ቦታ ላይ ከተቀመጠ፣ የሚደርሰው ብርሃን ያው አይደለም። አዲስ ውሃና አዲስ ካርቦን የውሃውን ቢጫነት ስለሚያጠፉም መብራቱን ሳትነኩት ይበረታል። የተዳከመ ኮራል ይህን አይችልም። ግማሽ ያህል አድርጋችሁ ጀምሩ፤ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው መልሱት።

ከሁሉ በላይ ልታደምጡኝ የሚገባው ግን በሳምንታት የሚመጣው ሞት ነው፤ ልባሙንም ሰው የሚያታልለው እሱ ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከውሃው ካልሲየምና አልካላይኒቲ እየወሰደ ነው፤ የወሰደውን ትተኩለት ዘንድ በየቀኑ በፓምፕ ትጨምራላችሁ። ከዝውውር በኋላ ኮራሉ ደንግጦ ማደግ ያቆማል፤ ጥቂቶቹም ሞተዋል። ፓምፑ ግን ይህን አያውቅም። ለቀድሞው ቤተሰብ የታዘዘውን መጠን ለጎደለው ቤተሰብ ያፈስሳል። በአልካላይኒቲ መለኪያ ስምንት ዲኬኤች የነበረው ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ይሆናል፤ ጫፎች ይቃጠላሉ፣ ሌላ ኮራል ይሞታል፤ ሲሞት ፍጆታው ይበልጥ ይቀንሳል፣ ልኩ ይበልጥ ይወጣል። ባለቤቱም ሞቱን አይቶ ውሃ ይቀይራል፤ የቀየረበት ጨው በራሱ አልካላይኒቲው ከፍ ያለ ከሆነ በእሳት ላይ ዘይት ጨመረ። ተቃራኒውም ይሆናል፤ ቱቦው በዝውውሩ ተነቅሎ ሳይመለስ ይቀርና ልኩ ይወርዳል። ስለዚህ ፓምፑን ከማስነሣታችሁ በፊት አልካላይኒቲውን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ፤ በቀን ስንት እንደሚወርድ እዩ፤ የወረደውን ያህል ብቻ መልሱ። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዚየም ከ1250 እስከ 1350 ሚሊግራም በሊትር ይሁን፤ ነገር ግን ለቁጥሩ ብላችሁ በአንድ ቀን አታስፈንጥሩት። ልኩ ትንሽ ቢያንስም ከረጋ፣ ከሚዋልል ትክክለኛ ልክ ይሻላል።

ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ የለካችሁትን፣ የቀየራችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» እንዲሉ፣ ሳትለኩ የሸጠላችሁን ሰው አትክሰሱ፤ ያጓጓዛችሁንም ወንድም አታስቀይሙ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከኮራሎቻችሁ መካከል ፓሊቶዋ ወይም ዞአንቲድ ካለ፣ በውስጡ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ሊኖር ይችላል። የሞተውን ከድንጋይ ስትፍቁ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ሕፃናትን አርቁ። ድንጋዩን ከቶ አትቀቅሉ፣ በፈላ ውሃም አትጠቡ፤ በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። ከዚህ ሥራ በኋላ ትንፋሽ ያጠረው፣ ትኩሳት የያዘው ወይም አፉ ብረት ብረት ያለው ሰው ፈጥኖ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ የነካውንም ለሐኪም ይናገር።

በሥሩ መገፈፍ የጀመረ ቅርንጫፋም ኮራል ካላችሁ፣ ከጤነኛው ሥጋ ውስጥ ትንሽ ገብታችሁ ቁረጡና ጫፉን ለብቻው ትከሉት፤ ግንዱ ቢሞት ዘሩ ይተርፋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመዛወራችሁ በፊት ከእያንዳንዱ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ በጎረቤት አኳሪየም አደራ ማኖር ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ብዙ ናችሁ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ለሰርግና ለዕቁብ ብቻ አታስቀሩት። አደራውን ለማስመለስም አትቸኩሉ። አሞኒያው ዜሮ ሆኖ ይሰንብት፣ የቀሩት ኮራሎች ጫፋቸው ላይ አዲስ እድገት ያሳዩ፣ የአልካላይኒቲው ፍጆታ ከቀን ወደ ቀን አንድ ዓይነት ይሁን። ያን ጊዜ ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አምጡ፣ ከታች ብርሃኑ ከሚለዝብበት ቦታ አስቀምጡት፤ ሌሎቹን የምታመጡት እሱ ሥር ከያዘ በኋላ ነው።